የሙሽራዋ እጅ

ልጄ ውዳሴ፣ አምላክ ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፤ እመብርሃን በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ቡሬዎች ደህና ነን፤ ጤፉ ተወቅቶ ገባ፣ ላሚቱም ወለደች።

የእህትሽ የያይኔአበባ ችፌ ሰርጉ ሲቃረብ ብሶባት እጇን ከነጠላዋ አላወጣም አለች። ጎረቤታችን ዓባይነሽ ቅጠል ወቅጣ አመጣች። ስለ እሬት ጥናትሽ ስታወሪኝ «ቅጠል የሚጠናው የሚጎዳም ስላለበት ነው» ያልሽኝ ትዝ ቢለኝ መጀመሪያ የራሴን ክንድ ቀባሁት። አቤት ማቃጠሉ! አባትሽ እስካሁን ይስቁብኛል።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ቅባት ሰጠቻት። «እሬትስ?» ብላት፣ «እሱ ገና እየተጠና ነው» አለችኝ። «አጥኚዋ እኮ የኔ ልጅ ናት!» ብዬ ኮራሁባት።

እጇ ገና ሳይድን እጮኛዋ መልካሙ መጣ። እጇን ልትደብቅ ስትል ያዛትና፣ «በዚህ ነው የተጨነቅሽው? ቅባቱን አምጪው፣ እኔ እቀባሻለሁ» አላት። ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። አሁን ቁስሉ እየደረቀላት ነው።

አደራ ልጄ፣ ምግብ ሳትቀምሺ አትዋዪ። ለሰርጉ መምጣት ባይሆንልሽ እንኳ አንድ ዘፈን ዘፍነሽ በስልክ ላኪልኝ፤ ከሴቶቹ መሃል ድምፅሽ እንዳይጎድልብኝ። ትምህርትሽን ለብዙ ሰው ፈውስ ያድርገው።

እናትሽ አደይ