በጃንሆይ አምላክ ተብሎ የቆመው ወንድሜ

አቃቂ፣ ሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣ ለምን ቆምክ? «በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው እሳት ውስጥም ቢሆን ይቆማል» ስትለኝ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።

የሐዲዱ ዘበኛ ትናንት ለቅሶህ ድንኳን ውስጥ እናታችን እግር ላይ ወድቀው አለቀሱ።

«ባቡሩን አይቼ፣ እንዳይሻገር ብዬ፣ ‹በጃንሆይ አምላክ ቁም!› አልኩት። ለካ ሐዲዱ ላይ ደርሶ ኖሯል። እዚያው ቀጥ አለ፣ እሜቴ!»

እማዬ «ልጄ ለንጉሡ ታማኝ ነበር» ብቻ አለች። ጃንሆይ እኮ ስምህን እንኳ አያውቁም።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ላይ ለጃንሆይ ረጅም ዕድሜ ሲለመን ሁሉም «አሜን» አለ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ እንደምትቆጣኝ ታሰበኝ። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ብቻዬን «አሜን» አልኩ።