የጠራሁት እኔ ነኝ

እህት ዓለም፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ካላስቀደምኩት እንደ ልማዴ ሰላምታውን አብዝቼ ወረቀቱን እጨርሰዋለሁ። ለእናታችን ያልነገርኳትን፣ ከሟቹ ባለቤቴ ጋር ያን ያህል ዘመን አንድ ትራስ ተንተርሰን ያላወጣሁለትን ነገር ዛሬ ልጽፍልሽ ነው። እጅሽ የተቃጠለ ዕለት «አትንኪ» ብዬሽ አልነበረም። «አማስዪ» ብዬሽ ነው የሄድኩት።

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንዴት ከርመሻል? ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ ከዚያ ክፉ ሳል ተገላገለ? ጣሪያችሁ ማፍሰሱን ልጅሽ ነግራኛለች። «እናቴ ከዝናቡ ጋር ስትጣላ ነው የከረመችው» ብትለኝ፣ ፊትሽ ድቅን ብሎብኝ ሳቅሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ሌላው አካሌ ዕድሜውን ገና አልሰማም።

ልጅሽም ደኅና ናት። እኔ ዘንድ ልትሠራ ስትመጣ ቀጫጫ ስለነበረች አብረውን የሚሠሩት ሴቶች «ጭራሮ» አሏት፤ አሁን ሰውነቷ ሞላ ብሎ እንኳ ስሙ አልለቅ ብሏታል። እሷም ተቀብላዋለች፤ «ጭራሮ ባይኖር እሳታችሁ በምን ይነድ ነበር?» ትላቸዋለች። አፏ ያንቺው ነው።

የምንሠራበትን ቤት እንድታዪው እፈልጋለሁ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ቤት ነው። የስጋጃ መሥሪያዎቹ እንደ በር መቃን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ድሩ ከላይ እስከ ታች ተወጥሮባቸዋል። በእያንዳንዱ ፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አራት አራት ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጡበታል። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ ሥራዬ ጠሪነት ነው። ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ የትኛዋ በየትኛው ቀለም እንደምትቋጥር በተራ እጠራለሁ። «ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር!» ስል የባለተራዋ እጅ ይፈጥናል፣ «ገባ!» ትለኛለች። የቤቱ ሕግ፣ የምትቋጥረው ሴት አትጠይቅም የሚል ነው። ሁሉም እየዞረች ወረቀት ልይ ብትል ስጋጃው አንድ ጣት ከፍ አይልም። ስለዚህ በጠሪዋ ላይ እምነታቸውን ጥለው ይቋጥራሉ። እንዲህ ያለ እምነት በእኔ ላይ ሲጣል ምን እንደሚሰማኝ አንቺ ሳታውቂ አትቀሪም።

ቤቱን ያቋቋመችው ሴት የስጋጃ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ ወገቧ እስኪጎብጥ ሠርታ፣ ስጋጃዋን ማን እንደ ወሰደው እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ልጅቱ ከተማ ተምራ ጥሩ ሥራ ይዛ ነበር፤ ትታው መጣች። መንደር ለመንደር በእግሯ ዞራ፣ ፈታዩዋን ከፈታይ፣ ሱፍ አጣቢዋን ከአጣቢ፣ ቋጣሪዋን ከቋጣሪ አገናኘች። ትርፉን ወደ ኪሷ አትከትም፤ ከሥራችን ቤት ጎን ያለው የሕፃናት ክፍል በእሱ ነው የተሠራው፣ የታመመችም የምትታከመው በእሱ ነው። ልመናን ግን አትወድም። «እዘኑላቸው ብዬ የሸጥኩት ስጋጃ ካለ ታጥቦ ይመለስልኝ» ትላለች።

ከኋላዋ «ቁጭበሉ» እንላታለን፤ ታውቃለች። ሊገዛ የመጣ ሁሉ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መቋጠር አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ቦርጫም ነጋዴ መጣና «ለሚረገጥ ነገር ይህን ያህል?» አለ። «ቁጭ በሉ፣ ጋሼ» አለችው። ተቀመጠ፤ ጥቂት ቋጥሮ ወገቡን ሲይዝ ከኛ አንዷ «አይዞዎት ጋሼ፣ የስጋጃው ጥግ እኮ ገና ተወለደ» አለችው። ራሱም ሳይቀር ሳቀ። በተጠራለት ዋጋ ነው የገዛው። አሁን ሌሎች ነጋዴዎችን እየጎተተ የሚያመጣልን እሱ ነው።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ማቅለሚያው ቤት ነው። ድስቶቹ ወገብ በሚደርስ ግንብ ተከበዋል፤ የበሩ መቀርቀሪያ ሕፃን ተንጠራርቶ ከማይደርስበት ላይ ነው። የምታማስለዋ ሴት፣ ሌላ ትልቅ ሰው መጥታ «ተረክቤሻለሁ» ሳትላት ንቅንቅ አትልም። ሥራ ስጀምር ያንን መቀርቀሪያ ይዤ አለቀስኩ። ቁጭበሉ ምን ሆንሽ ብትለኝ ጭሱ ነው አልኳት። እሳቱ ግን ገና አልተለኮሰም ነበር። ድስቶቹን አየት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ትቼሽ የሄድኩበትን ልንገርሽ። እናታችን የምታቀልመውን ክር እሳት ላይ ትታልን ወደ ወንዝ ወርዳ ነበር። «ከድስቱ እንዳትርቂ» ያለችው እኔን ነው። የልብስ ሰፊው ቤት ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ባለፍኩ ቁጥር ሰውዬው አንድ ፊደል ያሳየኝ ነበር፤ እናታችን ግን «ፊደል ለሴት ልጅ ምን ይቀቅላል?» ስለምትል በድብቅ ነው። የዚያን ዕለት ፊደሉ ራበኝ። እንጨቱን በእጅሽ አስያዝኩሽና «እስክመለስ አማስዪ» ብዬሽ ሮጥኩ። ቁመትሽ ከድስቱ አፍ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጩኸትሽን የሰማሁት ጣቴን ጋዜጣው ላይ አድርጌ ነው።

እናታችን ደርሳ «ማን ነው?» ስትል፣ አንቺ እጅሽን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረሽ፣ ጥርስሽ እየተንገጫገጨ «እኔ ነኝ፤ እሷ አትንኪ ብላኝ ነበር» አልሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ጣቶችሽ ተጣብቀው ቀሩ፣ የእናታችን ሙያ ሳይደርስሽ ቀረ፤ መንደሩም «አልሰሜ» ብሎ ስም አወጣልሽ። ሁሉም ሲጠራሽ እኔ በዚያ ስም ጠርቼሽ እንደማላውቅ አስተውለሽ ይሆን? ቸርነት አልነበረም፤ አፌ እምቢ እያለኝ ነው።

ሰሞኑን እየሠራን ሴቶቹ ልጅሽን «እናትሽ ለምን ስጋጃ አልሠራችም?» አሏት። «እናቴ? አልሰሜ እኮ ናት! አክስቴ አትንኪ እያለቻት እጇን የፈላ ቀለም ውስጥ ከተተች» ብላ አሳቀቻቸው። ቀጥላም፣ «ሲከፋት ግን ‹የአክስትሽን ፊደል የከፈልኩላት እኔ ነኝ› ትላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ» አለች።

ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ ግን አይታየኝም ነበር። ጫፉን የምትቋጥረው ልጅሽ ናት፤ ነጭ ማለት ሲገባኝ «ቀይ እስከ ጫፍ!» ብዬ ጠራሁ። «ገባ!» አለች። ከላዩ ሌላ ረድፍ፣ ሌላም ረድፍ ወጣ።

በማግስቱ ቁጭበሉ ስትዞር አየችው፤ በነጩ ሜዳ ጫፍ ላይ እንደ ጭረት የተጋደመ ቀይ። ስጋጃው በቶሎ የሚጠበቅ ነበር፤ ልጅሽ ደግሞ ገና በሙከራ ላይ ነበረች፤ ትቆይ ወይም ትሂድ የሚባለው በዚያው ሰሞን ነው። «ይህ የማን ነው?» አለች ቁጭበሉ። ከሴቶቹ አንዷ እየሳቀች «የአልሰሜ ልጅ ነቻ!» ስትል ሌሎቹም ሳቁ። ልጅሽ ተነሣች። ጠሪዋን አልከሰሰችም። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። አክስቴ በትክክል ነው የጠራችው፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አለች።

እህቴ፣ ያ ድምፅ ያንቺ ድምፅ ነበር። እጇን እንኳ ከኋላዋ ደብቃው ነበር።

ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ሰምታለች። ቀይ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ቁጭበሉ እኔን አየችኝ፣ ልጅሽን አየቻት፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «ኑ፣ አብረን እንፍታው» አለች። አንዷ «ዛሬስ ቁጭበሉ ራሷ ቁጭ አለች!» ስትል ያ ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ተበተነ። እስኪመሽ ፈታን። ልጅሽ ቦታዋን አገኘች፤ ወንበሩ ላይ አራተኛዋ እሷ ናት።

ስንወጣ ተቆጣችኝ። «ለምን ተናገርሽ? ወጣት ነኝ፣ እችለው ነበር» አለች። «እናትሽም ችላው ነው የኖረችው» አልኳት። አፍጥጣ ስታየኝ፣ መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ ብዬ ሌላውን ለዚህ ወረቀት አቆየሁት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቁጭበሉ በእናንተ መንደር ሁለተኛ ቤት ልትከፍት ነው፤ ጠሪ ትፈልጋለች። ወረቀቱ ባለቀለም ካሬ ነው እንጂ ፊደል የለበትም፤ ጠሪም በጣቷ አትሠራም። «ድምፅ ያላት ሰው ታውቂያለሽ?» ስትለኝ፣ «እህቴ ፍየሎቿን ስትጠራ የጎረቤቱም ፍየል ይመጣል» አልኳት። መጥታ ታናግርሻለች። ይህን እንደ ካሳ እንዳትቆጥሪው፤ የእጅሽ ካሳ የለኝም። እምቢ ብትዪም ምርጫው ያንቺው ነው። እኔ እንድመጣ ከፈቀድሽ ግን እመጣለሁ፤ ካልፈቀድሽም አልቀየምም።

የልብስ ሰፊውን ግድግዳ ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንቺ ግን የፊደሌን ዋጋ ታውቂ ኖሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ በልጅሽ ደስታ ያቁምሽ።

ታላቅ እህትሽ

ይህን ወረቀት ለሾፌር አልሰጥም፤ ሌላ ሰውም እንዲያነብልሽ አልፈልግም። ነገ ለእረፍት ስትመጣ በእጇ የምትይዘው፣ አጠገብሽ ተቀምጣም የምታነብልሽ ልጅሽ ናት። አንቺ የምታነቢው ልጄ፣ እዚህ ድረስ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ካነበብሽ፣ ከላይ ጀምረሽ እንደ ጠሪ ጮክ ብለሽ ለእናትሽ ድገሚላት።