ከሽንት ቤቱ ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው ቧንቧ

ዓርብ፣ ጥር 15

አንድ ወር ሙሉ በሽንት ቤት ጋዝ የበሰለ ሽሮ ስበላ ኖሬአለሁ። ያወቅሁት ዛሬ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ።

የባዮጋዙ ቧንቧ ተደፍኗል ተብሎ ጉድጓዱን የሠራው ግንበኛ ጠዋት መጣ። እበት ከምናስገባበት በኩል ነው ብዬ ጓሮ ብወጣ፣ ሰውዬው ከአዲሱ ሽንት ቤት ጀርባ ተንበርክኮ ረጅም ዘንግ ይወዘውዛል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ከዚህ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ነው የተደፈነው፣ እትዬ የሺ። ቤተ ሰቡ ደህና ይበላል ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ። መቀለዱ ነው።

ልጄን ይበልጣልን ጠራሁት። የፊዚክስ መምህር ነው፣ ማብራሪያ አጥቶ አያውቅም። «እማዬ፣ ያሉን ሁለት ላሞች ናቸው። ብርዱም አለ። እበቱ ብቻውን አልበቃ ሲል ትንሽ ይደግፋል ብለን ነው።»

«ብለን? ማንና ማን?»

ሚስቱ ባንቺአየሁ ማድ ቤቱ በር ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። እሷም ታውቃለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ባልትናና ጤና አጠባበቅ አስተምሬአለሁ። እኔን ያስተማሩኝ ሴት ጥፍራችንን በማስመሪያ እየገለበጡ የሚያዩ ነበሩ። እኔም ለተማሪዎቼ አልራራሁም። በየዓመቱ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ይኸው ነበር፦ መጸዳጃ ከማድ ቤት ይራቅ። ሁለቱን በቧንቧ የሚያገናኝ ልጅ እንደምወልድ የነገረኝ የለም።

ምሳ አልበላሁም። እራትም አልበላሁም። ጥርሴን ደጋግሜ ፋቅሁ፣ አሁንም አልለቀቀኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጉድጓዱ አናት ላይ ያለውን ዋናውን የጋዝ መክፈቻ ዘጋሁ። የብረት ክዳን አለው፣ ክዳኑን በጓጉንቸር ቆለፍሁት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርሁት። ይበልጣል እዚያ ድረስ እጁን አይሰድም።

ከዛሬ ጀምሮ፦ ምግብ በድሮው ጎጆ፣ በኩበት ይበስላል። እኔ ወደ አዲሱ ሽንት ቤት አልገባም፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለው አሮጌው ይበቃኛል። ኀሙስ የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነው። የእመቤታችን ዝክር በዚያ ጋዝ አይበስልም።

«ኩበቱስ እበት አይደለም ወይ፣ እማዬ?» አለ ይበልጣል።

«ላም ሣር ነው የምትበላው።»

«እኛስ?»

«እናንተ የምትበሉትን አላውቅም። የምትናገሩትን ግን እየሰማሁ ነው።»

ባንቺ ቅርጫቷን አንሥታ ኩበት ልታመጣ ሄደች።

ጉድጓዱ የተቆፈረው ለእሷ ነው። ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስንወስዳት ሐኪሙ ሳንባዋ በጭስ ተጎድቷል፣ ጭሱን ካልተወች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም ብሎ ነበር። እኔም እሺ ያልሁት ለዚህ ነው። እሺ ያልሁት ግን ለእበት ነው፣ ለእበት ብቻ።

ጉድጓዱ ሲመረቅ የመጣው ባለሙያ «ንጹሕ ኃይል፣ ንጹሕ ኃይል» ሲል ውሎ ነበር። ንጹሕ! የሽንት ቤቱን ቧንቧ እያወቀ ነው እንዲህ የሚለው። መብራት ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ። ምሰሶው በራችን ላይ ተገትሯል። መብራቱ ግን በእንግድነት ይመጣል፣ ሲሄድም አይሰናበትም።

እሑድ፣ ጥር 17

ከቅዳሴ ስወጣ ጠጅቱ አገኘችኝ። ከእኔ ቀጥሎ ማኅበሩ የሚገባው እሷ ቤት ነው። «የሺ፣ ጋዝሽ እንዴት ነው? ልጄ እኛም እናስቆፍር እያለ ይጨቀጭቀኛል።»

«ደህና ነው» አልኋት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ! ቁልፉ ደረቴ ላይ እየቀዘቀዘኝ።

ከእኛ በፊት ያስቆፈሩም አሉ። አንዱ ላሞቹን ሸጠ፣ ጉድጓዱ አሁን የዶሮ ማደሪያ ነው። ሌላው ምድጃው ሲሰበር መለዋወጫ አጥቶ ተወው። ሲመረቅ ግን ለሁሉም ዳቦ ተቆርሷል፣ ለሁሉም ተጨብጭቧል። ጭብጨባ ያስጠላኛል።

ባንቺን ቀኑን ሙሉ ሲያስላት ዋለ። ግቢው ስወጣ ታፍነዋለች። ቤት ስገባ እሰማለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ገፈተረኝ።

የጉድጓዱ መውጫ ሞልቶ ፈስሷል። ጥቁር ዝቃጭ ቆስጣዬን አልፎ፣ ኀሙስ ዳስ ወደሚጣልበት ደረቅ መሬት ወርዷል። ገና እየተንቦጫረቀ ነው። ዝንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በዚህ ብርድ!

ይበልጣል መጥቶ እጁን አጣምሮ አየው። «ጋዙ መሄጃ ሲያጣ ዝቃጩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቢቃጠል አይሸትም ነበር። የሚሸተው ስለታፈነ ነው።» ለተማሪዎቹ የሚናገርበት ድምፅ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«አልሰጥም።»

አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ አመድና አፈር ስበትን ዋልሁ። ግንበኛው ቢደወልለት ስልኩ አይነሣም። ገንዘብ ሲቀበል ግን ሁለት ስልክ ነበረው።

የድሮው ሽንት ቤት በሩ አይዘጋም። ውርጩ እግሬን ቆረጠመኝ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ባንቺ የማኅበሩን ሽንኩርት ከጠዋት ጀምራ ኩበት ላይ ጣደችው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንዴት እንደሚቁላላ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፦ በዝግታ፣ ከአጠገቡ ሳይራቅ። ጭሱ በጎጆው ክዳን በኩል ይጎለጎል ነበር። እኔ ውጭ ሆኜ ዝቃጭ እጠርጋለሁ።

ከእኩለ ቀን በኋላ ማማሰያ ሲወድቅ ሰማሁ።

ደጃፉ ላይ ተንበርክካ መቃኑን ይዛለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ ያፏጫል እንጂ አይገባም። ብብቷን ይዤ አወጣኋት፣ በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ፈልጌ ሰጠኋት፣ ጀርባዋን ደግፌ ተቀመጥሁ። ቆይቶ ቆይቶ ትንፋሿ ተመለሰ። መጀመሪያ ያለችው፦

«እትዬ፣ ሽንኩርቱ እንዳያርርብዎ።»

ሽንኩርቱ! በሞት አፋፍ ላይ ሆና ሽንኩርት እንድታስብ ያደረጋት ማን ነው? የሽንት ቤቱ ሽታ እንኳ እንደዚያች ቃል አልቀፈፈኝም። የቀፈፈኝ የራሴ ነገር ነው።

ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ቁልፉን ከማተቤ ልፈታ ብል ቋጠሮው እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ ተንበረከክሁና አንገቴን ደፍቼ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ እንዳለ ጓጉንቸሩን ከፈትሁት። አፍንጫዬ ከዚያ ሁሉ ዝቃጭ ስንዝር አይርቅም ነበር። ይበልጣል ትምህርት ቤት ነበር፣ ተመስገን፣ አላየኝም።

አዲሱ ማድ ቤት ገብቼ ክብሪት ጫርሁ። ሰማያዊ ነበልባል፣ ጭስ የሌለው። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ምንም አይሸትም። ድስቱን አዛወርሁ። ሽንኩርቱ አላረረም።

ባንቺን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ እኔው አማሰልሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጋዙ መንደድ ከጀመረ ወዲህ መውጫው ጎደለ፣ ሽታውም ቀለል አለ። ቆስጣዬ ግን አለቀለት። ይበልጣል «ዝቃጩ ማዳበሪያ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ታያለሽ» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት እኔ የት እንደምሆን አልጠየቀም።

ሁለተኛው ድስት ሳይበስል ጋዙ አለቀ። ዳቦውን ደግሞ ከመጀመሪያውም አይችለውም። «ንጹሕ ኃይል» የተባለው ይህ ነው እንግዲህ! የቀረውን ሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ እኔ ጨረስሁት። ባንቺ እንዳትጠጋ ከለከልኋት። ተቀምጣ ዕንቁላል ላጠች፣ ከዚያ ያለፈ ሥራ አልሰጠኋትም።

ለማኅበርተኞቹ እነግራቸዋለሁ ስል ይበልጣል ደነገጠ። «ምን አስነገረሽ? ወጡ ላይ አልተጻፈበት።»

«እኔን ስታበሉኝም አልተጻፈበትም ነበር» አልሁት። ጆሮው ቀላ። ያን ጊዜ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ።

ኀሙስ፣ ጥር 21

ነገርኋቸው።

ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ወጡ ሳይቀርብ ቆምሁ። ክፍል ውስጥ እንደምቆመው ነው የቆምሁት። ወጡ የበሰለበት ጋዝ ከእበትና ከሽንት ቤት የሚወጣ ነው፣ ምግቡን የሚነካው ነበልባሉ ብቻ ነው፣ መብላትም መተውም የእናንተ ነው አልሁ። አንዲት ሴት የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። ዳቦው በእንጨት ነው የተጋገረው ብላት አልሰማችኝም።

«ወይ እመቤቴ!» አለች ጠጅቱ። «በስተርጅና ይህን ልታበዪኝ ነው?»

«ገና አልበላሽም» አልኋት።

አንዷ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የሳቁት ሁሉ ግን አልበሉም። ቄሱ ሆዴን ያመኛል ብለው ጠላና ዳቦ ብቻ ወሰዱ። ትናንት ለመጥራት ቤታቸው ስሄድ ምንም አላመማቸውም ነበር። ሁለት ሴቶች ጭራሽ ተነሥተው ወጡ። ኩበት ሲጠፈጥፉ የሚውሉበትን እጅ አፍንጫቸው ላይ ጭነው፣ እየተንገሸገሹ! እኔም እንደ እነሱ የተንገሸገሽሁት ባለፈው ዓርብ ነው። የሰው ፊት ላይ ሳየው ያስጠላል።

ባንቺ በሁሉም ፊት ተቀምጣ እንጀራዋን ቆርሳ በላች። ቀና ብላ ነው የበላችው።

ጠጅቱ ወጡን አልነካችም። ጽዋውን ግን ተቀበለች፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ናትና። ስሸኛት በራፉ ላይ ቆመች።

«የሺ፣ ባንቺን ዛሬ አላሳላትም?»

«አላሳላትም።»

ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነችው። «የእኔዋንም ያስላታል። ሴት ልጄን።» ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች፦ «የዚያ ግንበኛ ስልክ አለሽ?»

«አለኝ። ግን አይነሣም» አልኋት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ወጡ ተርፏል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ አይነካም።

ሌሊቱ ውርጭ ነበር። ጠዋት ባንቺ ሽሮ ጣደች፣ ነበልባሉ ትንሽ ተርገበገበና ሽሮው ሳይንተከተክ ጠፋ። ምድጃውን ቆማ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኩበቱ ቅርጫት ሲሄድ አየሁ።

«ተይው» አልኋት። «ዛሬ ዳቦ እንበላለን።»

«እትዬ፣ እርስዎ ቁርስ ትኩስ ካልሆነ…»

«ተይው አልሁ።»

ይበልጣል ሦስተኛ ላም እንግዛ እያለ ነው። ድርቆሹን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ጉድጓዱን በገለባ እንሸፍነው፣ ሙቀት ይይዛል ይላል። ይሸፍን። ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። ጎረቤት ያሉትን ጉድጓዶች አይቻቸዋለሁ።

ዳቦዬን ከበላሁ በኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ባሕር ዛፉ ጀመርሁ። መንገድ ላይ ቆምሁ። ባንቺ ግቢውን እየጠረገች ነበር፣ አላሳላትም።

ተመለስሁና የአዲሱን ሽንት ቤት በር ከፈትሁ።

ቀፈፈኝ። ተቀምጬም ቀፈፈኝ። ሳሙና ወደ ጉድጓዱ ከገባ ጋዙን ይጎዳዋል ስለተባለ፣ እጄን ከዚያ ራቅ ብዬ፣ ጽጌረዳው ሥር ታጠብሁ። ባንቺ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ አየችኝና ፈጥና ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳል መስሎኝ ደነገጥሁ።

ሳቅ ነው።

ነገ ጠዋት ሽሮው ይንተከተክ እንደሆነ አያለሁ።