የጌም ቤቴ ምስል እስኪጠራ

ሰኞ፣ ጥቅ. 5/2005፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ከፍቻለሁ። ሰው የለም። አዲሱን ፍላት ቲቪ ጠረግሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም። አሮጌዋ የጌም ማሽን ምስሉን ግማሽ ግማሽ መስመር እየከፈለች ነው የምትልከው። በድሮው ወፍራም ቲቪ አይታወቅም ነበር። እዚህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይደበዝዛል። ቅዳሜ ገመቹ፣ ያ ቀልደኛ መምህር፣ ጆይስቲኩን አስቀምጦ፣ «ኦቦ ቶላ፣ ወንጪ ሐይቅ ጉም ውስጥ ነው እንዴ ኳስ የሚያጫውቱን?» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተያይዘው ማዶ፣ አዲሱ ጌም ቤት ገቡ።
የፊታችን ቅዳሜ ልጄ ሌንሳ ከጌዶ ትመጣለች። ዝጋውና እኔ ጋ ና ስትል ከርማለች። ይህን ቤት ከእናቷ ጋር ነው የከፈትነው። ባዶውን ካየችው አለቀልኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 7
ኢንተርኔት ቤት ኮድ አገኘሁ። ማሽኗን ሙሉ ምስል ባንዴ እንድትልክ ያስገድዳታል አሉ። ማሽኗን ኮድ በሚያስገቡበት ልዩ ሲዲ ከፍቼ ፊደልና ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገባሁ። ጨዋታው ተነሳ፤ ቲቪው ጨለመ። ድምፅ አለ። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ፊሽካ ይነፋል። ምስል የለም። ደገምኩ። ያው። ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ተከታተልኩት። የሚስቴ የጫልቱ ነገር ግልባጩ ነው። ወደ ጌታ ከተሰበሰበች ወዲህ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፣ ድምፅዋ ግን ጠፋኝ።
ለዚህ ስል የረቡዕ ጸሎት ቀረሁ። እ/ር ቀጥቶኝ ይሆን? ለአንድ ሲዲ? እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 8
ጎረቤቴ ከድር፣ ኤሌክትሮኒክስ ሻጩ፣ ገብቶ የማሽኗን ጀርባ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ኮዱ ምን አደረገ? ቢጫዋ ገመድ እኮ ሙሉ ምስል መሸከም አትችልም! ባለ አምስት ራሱን ገመድ ይሰኩ።»
እኔ ደግሞ ጌታ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር አልኩት።
«በገመድ?» አለኝ።
አፈርኩ። ከአዲስ አበባ ሊያስመጣልኝ ደወለ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 9
ገመዱ በሚኒባስ መጣ። ሰካሁ። ኮዱን አስገባሁ። ጥርት! ሣሩ፣ የማሊያው ቁጥር፣ መረቡ ሳይቀር። ገመቹ መቀለዱን ትቶ ጆይስቲክ አልለቅ አለ። ቤቱ ሞላ። ተመስገን። ታዲያ መቀመጥ ለምን አቃተኝ? ወጣሁ፣ ገባሁ። ለሌንሳ የምናገረውን እደረድራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 10፣ ከሰዓት
መጣች። ቲቪውን ዞር ብላም አላየችው። የሞላውንም ሰው። ጓዳ ወሰደችኝና እርጉዝ መሆኗን ነገረችኝ። እናት የለኝም፣ ፈርቻለሁ አለች። ና ስትለኝ የከረመችው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ሥራዬን የናቀችብኝ መስሎኝ! የደረደርኩት መልስ ሁሉ ማንም ላልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። ከወዲያ ገመቹ «ጎል!» ይላል። እሷ ታለቅሳለች።
ከድርን አናገርኩት። ቤቱን ይይዝልኛል። ኮዱን አስተማርኩት። ሰኞ ጌዶ እሄዳለሁ።
ለሰው ሁሉ፣ እስክትወልድ ነው ብያለሁ። ላንተ ግን አልዋሽም፣ ማስታወሻዬ፤ የምመለስ አይመስለኝም።