አባባ የመረጡት ማረፊያ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአሸብር ወልደሚካኤል፣

ከጎጃም በረንዳ ተነሥቶ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ናፍቆቴ ጃፓን ይድረስህ። ትምህርቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

አባባ እንዲመርጡ የላክኻቸው የፍል ውሃ ማረፊያዎች ፎቶግራፍ ደርሶናል። እኔ ተራራ ላይ ያለውን ወድጄ ነበር፤ እሳቸው ግን ባሕሩ አጠገብ ያለውን መረጡ፣ ደረጃ የለውም ብለው። እንግዳው መሬት ላይ ተነጥፎለት ይተኛል ማለትህንም ወደውታል፤ እኛም ከመስቀል ወዲህ አልጋውን አውጥተን ፍራሻቸውን መሬት አድርገንላቸዋል። «የማን ጠበል ነው? ጾመን ነው የምንገባው?» ብለሽ ጠይቂው ብለውኛል። ጾሙስ አይከብዳቸውም፤ ከአጥሚት ሌላ የሚቀምሱት የለም።

«ሃያ ዓመት የጃፓን አቡጀዲ ሸጬ አገሩን ሳላይ?» ይላሉ። በሁለቱም ማረፊያ ለግንቦት ክፍል ይዣለሁ ብለሃል፤ ቀደም ያለ ቀን የለም ወይ?

ሱቁን አሁን እኔ ነኝ የምከፍተው። ባለፈው ሰኞ አንድ ጣቃ አቡጀዲ አስመጥተው ራስጌያቸው አኖሩ። ለመንገዱ መስሎኝ ደስ አለኝና፣ «ምን ላሰፋልዎ?» አልኳቸው።

«ይሄ አይሰፋም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋቸውም። አንተ ግን ክፍሉን እንዳትሰርዝ፤ ፎቶግራፉን ከጣቃው ላይ አድርገው ቀኑን ሙሉ ያዩታል።

በል ደህና ሁንልኝ። እመብርሃን ወደ ቤት የሚያመጣህን መንገድ ታሳጥርልኝ።

እህትህ ሠርኬ