ከነጢማቸው የሚፈጩት ግራዝማች

ልጄ፣ ብርዱም ሰውም እንዳይጎዳሽ ፈጣሪ በሄድሽበት ይቅደምሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱን ግን በረዶ መታው። ካፖርትሽን ሳትቆልፊ አትውጪ።

የምነግርሽ ነገር ያቅለሸልሻል። ይስማው የሚባለው ባልደረባዬ እንዲያርምልኝ የሰጠሁትን ልቦለድ በራሱ ስም አሳተመው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ስማዳ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ የምታፈላልገውን የልቦለዴን መርማሪ አትጠገብን ወንድ አድርጎ «ግራዝማች አስረስ» ብሏታል። «ሴት መርማሪ ማን ያምናል?» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ትናንት በመጽሐፉ ምረቃ ላይ ሲያነብ፣ አትጠገብ ከሴቶቹ ጋር እየፈጨች ከወሬያቸው ገዳዩን የምታውቅበት ቦታ ደረሰ። ያን መለወጥ ረስቶታል። ጎረቤታችን እማማ ንግስት ከፊት ወንበር፣ «አንተ፣ ግራዝማቹ ከነጢማቸው ማጀት ገብተው ገብስ ይፈጫሉ? በዚያ ዘመን?» አሉት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ተነስቼ «የፈጨችው ሴት ናት፤ የጻፍኳትም እኔ ነኝ» አልኩት።

«ማስረጃሽን አምጪ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ጥናትሽን እንዳልረብሽብሽ ብፈራም፣ አምና ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ የላክሁልሽን የእጅ ጽሑፌን የላክሁበት ቀን እንዲታይ አድርገሽ መልሰሽ ላኪልኝ። ሰኞ ክስ እመሰርታለሁ።

የደከምሽበትን ሁሉ በራስሽ ስም የምትጠሪበት ዕድሜ ይስጥሽ።

እናትሽ እመቤት