የሰሜኑ ግድግዳ እስኪደርቅ
የአቶ በሪሁን ሀይለየሱስ የሕይወት ታሪክ (1952–2017 ዓ.ም.)

አቶ በሪሁን ሀይለየሱስ በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ከአናጺው ከአቶ ሀይለየሱስ ደምሴና ከወ/ሮ ውብነሽ ገብሬ ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ከትምህርት መልስ ከአባታቸው ጋር ጭቃ ያቦኩ፣ ማገር ይመቱ ነበር። አባታቸው የጭቃ ግድግዳ መድረቁን የሚለዩት በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው ነበር፤ ይህንኑ ለልጃቸው አስተማሩ።

በ1972 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1983 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ገብተው ፌኸንሃይም በሚገኝ ፋብሪካ ሠሩ። በ1988 የአናጺነት አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ጀመሩ፤ ሲጨርሱም ጥንታዊ የእንጨት ቤቶችን በሚያድስ ድርጅት ተቀጠሩ። በ1993 ከወ/ሮ አያልነሽ ተካ ጋር ተጋብተው ግሩምንና ዶርቃን ወለዱ።

አቶ በሪሁን መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በምትከራየው አዳራሽ ከሁሉ ቀድመው ወንበር ይደረድራሉ፤ የመዝጊያው ጸሎት ሳያልቅም ማንሳት ይጀምራሉ። ይህ ለብዙዎቻችን ሳቅ ነበር። ምክንያቱን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በ2003 ድርጅቱ በእንግሊዝ ገጠር የሚገኝ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ትልቅ ቤት እንዲያድሱ ላካቸው። ቤቱ የቆመው በኦክ እንጨት ነው። ምሰሶዎቹ በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም አግዳሚ ላይ ተሰክተዋል፤ መጋጠሚያዎቹ በእንጨት ችንካር እንጂ በሚስማር አልተያዙም። ፎቁ ከምድር ቤቱ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ በቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ በጭድ ጭቃ ተመርጓል። አቶ በሪሁን ለባለቤታቸው ደውለው፣ ይህን የሠራ ሰው ይርጋለም ሳይደርስ አልቀረም ብለው ቀለዱ።

የሰሜኑን ግድግዳ ጭቃ የሠሩት እሳቸው ናቸው። በባዶ እግራቸው ሲረግጡት እንግሊዞቹ ሳቁባቸው፤ በሦስተኛው ቀን ጫማቸውን አውልቀው አብረዋቸው ገቡ። ከአንድ ወር በኋላ አቶ በሪሁን በእጃቸው ጀርባ ነክተው ደርቋል አሉ። ግድግዳው በኖራ ተለሰነ።

በይርጋለም ፀሐይ ላዩ የደረቀ ጭቃ ውስጡም ይደርቃል። በእንግሊዝ ጥቅምት ግን እንዲያ አይደለም። ይህን የተረዱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፍራንክፈርት አጠገብ በዚያው መንገድ ያጠናቀቁት አንድ ግድግዳ ሲከፈት፣ ከልስኑ ሥር በታፈነው እርጥበት የታችኛው አግዳሚ ጠቁሮ በጣታቸው ተፈረፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግሊዙ ቤት ከልባቸው አልወጣም። ምሳ እየበሉ የዚያን አገር የአየር ሁኔታ በስልካቸው ያያሉ፤ ዝናብ ካለ ይነሳሉ። ወ/ሮ አያልነሽ፣ ቤቱ የእንግሊዞች፣ ጭንቀቱ የኔ ይሉ ነበር። ደብዳቤ ይጻፍ ሲባሉ ግን አፍረው እምቢ አሉ። እንዲህ ሃያ ዓመት ገደማ አለፈ።

በ2024 መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። በዚያው ሳምንት ዶርቃን ጠርተው ደብዳቤውን አስጻፉ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ የሚለው ቃል እንዳይለዝብም አዘዙ። የቤቱ ባለቤት፣ ይምጡ ብለው መለሱ። አቶ በሪሁን የሆስፒታል ቴርሚናቸውን፣ ቀጠሯቸውን፣ አዘግይተው በግንቦት ከልጆቻቸው ጋር ሄዱ።

መጀመሪያ የተከፈተው ቦታ ደህና ነበር። እሳቸው ግን አላመኑም። በመስኮቱ ሥር ሲከፈት አግዳሚው ሁለት ጣት ያህል በስብሶ ተገኘ። ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ልጆቻቸው ያዘኑ መስሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መጋዝ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ከአካባቢው አናጺ ጋር በዘጠኝ ቀን የበሰበሰውን ቆርጠው አዲስ ኦክ ተኩ፣ በችንካር አጋጠሙ፣ አዲስ ጭቃም መረጉ። ከዚያ አናጺው መቼ እንልሰን ብሎ ጠየቃቸው።

«ከመስከረም በፊት አትንኩት። እኔ አልደርስበትም፤ እናንተ ግን አትቸኩሉ» አሉት።

ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ወዳለው ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ጉልበታቸው ከቀን ወደ ቀን ደከመ። ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይርጋለም ያሉ አንዲት እህታቸውን ትተዋል። ትናንት ከእንግሊዝ በደረሰን መልእክት፣ የሰሜኑ ግድግዳ ገና እንዳልደረቀና ማንም እንዳልነካው ተነግሮናል።

ዕረፍት ያልለመዱትን አባት ጌታ በቤቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መታገሥን ይስጠን።